ቦሎ የሌለው አሳንሰር

ባለፈው ክረምት ነው። አንድ ወዳጄ የመጽሐፉን ረቂቅ እንዳነብለት ጠይቆኝ፣ ያንኑ ልቀበለው ወደ ቢሮው እየሄድሁ ነበር። ቢሮው በመሃል ከተማችን ካሉት ረጃጅም የንግድ ሕንፃዎች በአንዱ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሳንሰሩ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን፤ አምስተኛ ፎቅ ወዳለው የጥርስ ክሊኒክ የሚሄዱ አንዲት እናት ከነልጃቸው፣ ካርቶን የተሸከመ ወጣት፣ ሁለት ጸሐፊ የሚመስሉ ሴቶችና እኔ። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ስንደርስ መብራት ጠፋ። አሳንሰሩ አንድ ጊዜ ተናጠና ቆመ። የአደጋ ጊዜ ደወል የሚል ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጫንነው፤ ድምፅ የለውም። ጄኔሬተሩም አልተነሣም።

ከሃያ ደቂቃ ያህል በኋላ የሕንፃው ጥበቃ በዱላና በመፍቻ ታግሎ የሦስተኛውን ፎቅ በር ፈልቅቆ ከፈተው። የእኛ ወለል ከኮሪደሩ ወለል ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ጥበቃው ከታች ሆኖ «ዝለሉ! አይዟችሁ፣ እኔ እይዛችኋለሁ» ይለናል። ካርቶን የያዘው ወጣት ዘለለ። ሁለቱ ሴቶች ጫማቸውን አውልቀው ተከተሉት። እኔም፣ አሁን ሳስበው እያፈርሁ የምናገረው ነው፣ ዶክተር ተብዬው፣ ቦርሳዬን ወርውሬ ዘለልሁ። እናታችን ግን እንቢ አሉ። ጥበቃው «እማማ፣ ይምጡ እንጂ፣ እኔ አለሁ አይደል?» ቢላቸው፣ የልጃቸውን እጅ ጨብጠው «አንተ አለህ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። እኔ ግን መብራቱ እስኪመጣ እዚሁ ነኝ» ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። መብራቱ ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ፤ እሳቸውም በሰላም ወረዱ።

ይህን ታሪክ ለአንድ የሜካኒካል ምህንድስና መምህር ባልደረባዬ ሳጫውተው አልሳቀም። «ስትዘሉ ከእግራችሁ ሥር ምን እንደነበረ አይተሃል?» አለኝ። አላየሁም ነበር። አሳንሰሩ በሁለት ፎቆች መካከል ሲቆምና በሩ በጉልበት ሲከፈት፣ በወለሉና በኮሪደሩ መካከል ያለው ክፍተት ወደ ጉድጓዱ የሚያስገባ አፍ ይሆናል። ዘልሎ ያረፈ ሰው ወደ ኋላ ቢንገዳገድ፣ ወይም ሲንሸራተት እግሩ ወደዚያ ክፍተት ቢገባ፣ እስከ ምድር ቤቱ ድረስ የሚይዘው ነገር የለም። ተዘግቶ የቆመ አሳንሰር ያስጨንቃል እንጂ፣ በውስጡ ያለ ሰው በአብዛኛው ደኅና ነው። አደጋው የሚጀምረው ያልሠለጠነ ሰው ሊያድነን ሲመጣ ነው። በዚያ ቀን ከስድስታችን መካከል በትክክል ያሰቡት እኒያ እናት ብቻ ነበሩ ማለት ነው።

ነገሩ ስላላስተኛኝ በሳምንቱ ወደ ሕንፃው አስተዳዳሪ ሄድሁ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሻይ አስመጣልኝ። አሳንሰሩን የሚጠግን ሰው እንዳላቸው ጠየቅሁት። «አዎ፣ ሲበላሽ የምንደውልለት ልጅ አለ» አለኝ። ልጁ የሠራውን የሚመዘግብበት ደብተር አለወይ? የለም። ከልጁ ሌላ ገለልተኛ የሆነ፣ አሳንሰሩን በየጊዜው የሚመረምርና «ሰው ሊጭን ይችላል» ብሎ የሚፈርም አካልስ? አስተዳዳሪው ፈገግ አለና «ዶክተር፣ ይህ እኮ መኪና አይደለም» አለኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይህች መልስ ናት። እውነቱን ነው፤ መኪና አይደለም። መኪና ቢሆን ኖሮ በዓመት አንድ ጊዜ ምርመራ ይቀርብ፣ ፍሬኑ ይታይ፣ ቦሎ ይለጠፍለት ነበር። የሦስተኛ ወገን መድን ገብቶ ያንንም በመስተዋቱ ላይ ያሳይ ነበር። ቦሎው ያለፈበት እንደሆነ ትራፊክ ፖሊስ ያስቆመው ነበር። አራት ሰው የምትጭን አሮጌ ታክሲ ይህ ሁሉ ግዴታ አለባት። ከጧት እስከ ማታ በመቶ የሚቆጠር ሰው ሽቅብ ቁልቁል የሚያመላልሰው ማሽን ግን፣ እኔ በምገባባቸው ሕንፃዎች ሁሉ ግድግዳው ላይ መስተዋትና ማስታወቂያ እንጂ የምርመራ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ለጥፎ አላየሁም። እናንተ አይታችሁ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ብዙዎቻችን አሳንሰር ስንገባ የምንፈራው ገመዱ ተበጥሶ ቁልቁል መውደቅን ነው። ይህ ፍርሃት መልስ ካገኘ ቆይቷል። አሜሪካዊው ኤሊሻ ኦቲስ እ.ኤ.አ. በ1854 ኒው ዮርክ ውስጥ ሕዝብ በተሰበሰበበት ኤግዚቢሽን ከፍ ባለ መድረክ ላይ ቆሞ ገመዱን ከበላዩ ሲያስቆርጠው፣ መድረኩ ጥቂት ወርዶ በጥርሶቹ ሐዲዱን ነክሶ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የተሠራ የሰው አሳንሰር ሁሉ የዚህ ፈጠራ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ አንዱ ክፍል በበርካታ ገመዶች ይንጠለጠላል፤ ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ የሚያውቅ መቆጣጠሪያና ሐዲዱን ጨምድዶ የሚይዝ መንጋጋም አለው።

ሰው የሚገድለው ሌላ ነው። በሩ ሳይዘጋ የሚንቀሳቀስ አሳንሰር ነው። አሳንሰሩ ፎቁ ላይ ሳይደርስ የሚከፈት የኮሪደር በር ነው። ያለቀ የፍሬን ሸራ ነው። አብዛኛው ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ባልደረባዬ አስረድቶኛል። የአሳንሰሩ ክፍል በገመዱ ሌላ ጫፍ በተንጠለጠለ ክብደት ይመዘናል፤ ይህ ክብደት ከባዶው ክፍል ይበልጣል፤ ሙሉ ጭነቱን ግማሽ ያህል ታስቦ የተጨመረበት ነውና። ስለዚህ ፍሬኑ ሲከዳ አንድ ሰው ብቻ የያዘ አሳንሰር ወደ ታች አይወድቅም፤ ወደ ላይ ይመነጠቃል። የኦቲስ ዓይነቱ መንጋጋ ደግሞ የተፈለሰፈው ቁልቁል ለሚወድቅ ነው።

ጃፓኖች ይህን የተማሩት በልጅ ደም ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2006 ቶኪዮ ሚናቶ በተባለው ክፍለ ከተማ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ከመኖሪያ ሕንፃው አሳንሰር ሲወጣ፣ በሩ እንደተከፈተ አሳንሰሩ ሽቅብ ተነሣና ጨፍልቆ ገደለው። የፍሬኑ ሸራ አልቆ ነበር። ከ2009 ጀምሮ በጃፓን የሚተከል አዲስ አሳንሰር ሁሉ በሩ ተከፍቶ ቢንቀሳቀስ የሚያቆመው ሁለተኛ ፍሬን እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ሥርዓት አክባሪ በሆነችው በጃፓን እንኳ ሕግ ከአደጋ በኋላ ነው የመጣው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኛ ብቻ የተተረተ አይደለም።

በሩን በተመለከተ ደግሞ አንድ የታወቀ ክፉ ልማድ አለ። የኮሪደሩ በር መዘጋቱን ለማሽኑ የሚነግር የኤሌክትሪክ መገናኛ አለ፤ ይህ መገናኛ ሲበላሽ አሳንሰሩ አልሄድ ይላል። መሄድም የለበትም። ዕቃው በቶሎ አይገኝም፤ ተከራዩ ይጮኻል፤ ባለቤቱ ይደውላል። ቴክኒሻኑ በአንዲት ቁራጭ ሽቦ መገናኛውን ዘልሎ ያገናኘዋል። አሳንሰሩ ሄደ፤ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ማሽኑ በሩ ክፍት ይሁን ዝግ አያውቅም። ይህችን ሽቦ እኔና እናንተ ልናያት አንችልም፤ መቆጣጠሪያ ሣጥን ውስጥ ናት። ልያት ብሎ ሣጥኑን የሚከፍት፣ ከባለቤቱም ከቴክኒሻኑም ደመወዝ የማይቀበል ሰው ያስፈልጋል። የምርመራ ነገር በአጭሩ ይህ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ሰው በሕግ ፈጥረውታል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ደንብ በሥራ ቦታ ሰው የሚጭን አሳንሰር በየስድስት ወሩ ብቃት ባለው ሰው ጥልቅ ምርመራ እንዲደረግለት ያዝዛል፤ መርማሪውም ጥገናውን ከሚሠራው ሰው ገለልተኛ እንዲሆን ይፈለጋል። በሆንግ ኮንግ በ2012 መጨረሻ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ኀላፊነቱን በቀጥታ በባለቤቱ ትከሻ ላይ ጭኖ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ምርመራ፣ በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ሙሉ ጭነት ተጭኖ ፈተና እንዲደረግ ይጠይቃል፤ ፈቃዱም አሳንሰሩ ውስጥ ተሳፋሪ ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፋል። ቱርኮች የበለጠ ቀላል ነገር አድርገዋል። ከዓመታዊው ምርመራ በኋላ አሳንሰሩ ላይ ባለቀለም ምልክት ይለጠፋል፤ አረንጓዴው እንከን የሌለበት፣ ሰማያዊው ቀላል ጉድለት ያለበት፣ ቢጫው የተበላሸ፣ ቀዩ አደገኛ ነው ማለት ነው። ማንበብ የማይችል ሕፃን እንኳ ቀይ ካየ አይገባም።

ይሁን እንጂ ምልክት መለጠፍ ብቻውን ነፍስ እንደማያድን እዚያው ቱርክ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 አይዲን በተባለችው ከተማ በመንግሥት የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ አንዲት ተማሪ በአሳንሰር አደጋ ሞታ፣ ተማሪዎች በየከተማው ለተቃውሞ ወጥተዋል። በሊዝበንም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ሐዲድ ላይ በገመድ የሚጎተተው የግሎሪያ ባቡር (ፖርቹጋሎች ስሙን አሳንሰር ነው የሚሉት) ገመዱ ከመያዣው ተላቅቆ 16 ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዕለት ጧት በዓይን ተመርምሮ ደኅና ነው ተብሎ ነበር። ገመዱ የተላቀቀው ሳይፈታ በዓይን ሊታይ በማይችለው ቦታ ነው። የቀዳሚው የምርመራ ዘገባ ደግሞ ገመዱ ራሱ ሰው ለማጓጓዝ የተረጋገጠ ዓይነት እንዳልነበረ ገልጿል። ስለዚህ «ተመርምሯል» የሚለውን ቃል ስንሰማ ምን ተፈትቶ፣ በማን፣ በምን መለኪያ ብለን መጠየቅ ይኖርብናል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ትልቅ እርምጃ እንደነበር መካድ አይቻልም። ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝሙትንና የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጡትን ከባድ ቁጥጥር በሚደረግበት ምድብ አስገብቷል። ፕላን ይጸድቃል፣ ግንባታው ይታያል፣ በመጨረሻም የመጠቀሚያ ፈቃድ ይሰጣል። የዚህ አስተሳሰብ ችግሩ ሕንፃን እንደ ድንጋይ ማየቱ ነው። ግድግዳ በተረከብኸው ቀን ደኅና ከሆነ በአሥረኛው ዓመትም በአብዛኛው ደኅና ነው። አሳንሰር ግን በተመረቀ ማግሥት ማርጀት የሚጀምር ማሽን ነው። ለድንጋዩ አንድ ጊዜ የተሰጠ ፈቃድ ለማሽኑ የዕድሜ ልክ ፈቃድ ሆኖ ይቀራል።

የሕግ ባልደረቦቼ ሁለት ነገር ያነሡብኛል። አንደኛው የሠራተኛ ሕጉ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሥራ ቦታውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል ይላሉ። ያስገድዳል። ነገር ግን አርባ ተከራይ ባለበት ሕንፃ ውስጥ የአሳንሰሩ አሠሪ ማን ነው? የጥርስ ክሊኒኩ? ጠበቃው? የልብስ ሱቁ? እናታችን የማን ሠራተኛ ናቸው? ሁለተኛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው። ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፣ ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ በእኔ አረዳድ አሳንሰርም የሕንፃው አካል ነውና በዚህ ይሸፈናል። ግሩም ድንጋጌ ነው፤ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ግን የሚናገረው ለሟች ወራሽ ነው። ገና ላልሞተው ሰው፣ ነገ ጧት ቁልፉን ተጭኖ ለሚጠብቀው፣ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ፖለቲካውን ማንሣት ግድ ነው፤ ጉዳዩ የቴክኒክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ለመሐንዲሶቹ ትቼው ነበር። የእኛ መንግሥታት፣ ያለፉትም ያሁኑም፣ ምረቃ ይወዳሉ፤ ጥገና አይወዱም። ሪባን የሚቆረጠው ለአዲስ ነገር ነው። የፍሬን ሸራ በሰዓቱ ተቀየረ ተብሎ ሪባን የተቆረጠበትን ቀን አላየሁም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 209 ሜትር የሚረዝመው ዋና መሥሪያ ቤት በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም አንጋጠን አየን፤ እኔም ኮርቻለሁ። ከተማችን ሽቅብ በወጣች ቁጥር ግን ሕይወታችን በገመድ ላይ የሚንጠለጠልበት ሰዓት ይበዛል፤ የቁጥጥር ሥርዓታችን ደግሞ ምድር ቤት እንደቆመ ነው።

«አቅም የለንም» የሚባለውን መልስ አልቀበልም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ወቅት ምን እንደታየ ሁላችንም እናስታውሳለን። በዋና ዋና ጎዳናዎች ዳር ያሉ የሕንፃ ባለቤቶች ፊት ለፊታቸውን በታዘዘው ቀለም እንዲቀቡ፣ ማታ ማታ መብራት እንዲያበሩ ተነገራቸው። በአጭር ጊዜ ውስጥ ቀቡ፤ አበሩም። የሥራው መልካምነትና ክፋት ሌላ ክርክር ነው፤ አሁን አልገባበትም። ለእኔ ነጥቡ ይህ ነው፦ ከተማ አስተዳደሩ የእያንዳንዱን ሕንፃ ባለቤት ያውቀዋል፤ ደጁ ድረስ ሄዶ ያዝዘዋል፤ ቀን ይቆርጥለታል፤ እንዳልፈጸመ ያውቃል። ግድግዳው ከውጭ ምን እንደሚመስል ያስጨነቀው ሥልጣን፣ ከውስጥ ሰው የሚጭነው ማሽን ፍሬን ይኑረው አይኑረው እንዲጠይቅ ቢነገረው አቅም አነሰኝ ሊል አይችልም።

የባለቤቶቹን ችግር ግን አቅልዬ አላይም። አሳንሰሩም መለዋወጫውም ከውጭ የሚገባ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የበር መገናኛውም፣ የፍሬን ሸራውም፣ ገመዱም አብረው ሽቅብ ወጡ። የኤሌክትሪኩ መዋዠቅና መቋረጥም ማሽኑን ያስረጀዋል፤ ይህ የባለቤቱ ጥፋት አይደለም። እንዲያም ሆኖ የአንድ ቴክኒሻን ወርኃዊ ጉብኝትና የአንድ መርማሪ ዓመታዊ ክፍያ ከአንድ ሱቅ ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? ሕንፃውን ለመሥራት የተበደሩትን ወለድ የሚቆጥሩ ሰዎች ይህንንም መቁጠር አያቅታቸውም።

በጣም የሚከብደው የኮንዶሚኒየሙ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች አሳንሰር ስላልነበራቸው ይህ ጥያቄ አልነበረም፤ የነበረው የአሮጊቶችና የነፍሰ ጡሮች ጉልበት ጥያቄ ነው። በ2005 ዓ.ም. በተጀመረው የ40/60 ፕሮግራም ግን ፎቁ ረዘመ፤ አሳንሰሩም መጣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 እንዲህ ያለውን የጋራ ንብረት በነዋሪዎች ማኅበር እጅ አኑሮታል። ስለዚህ «ባለቤቱ» ማለት አንድ ባለጸጋ ሳይሆን አሥረኛ ፎቅ የሚኖር መምህር፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር ነጋዴና አሜሪካ ሆኖ ቤቱን ያከራየ ዘመድ ናቸው። የሁለተኛው ፎቅ ሰው «እኔ በደረጃ ነው የምወጣ፣ አልከፍልም» ሲል ማን ያስገድደዋል? እዚህ ላይ ሕጉ ምርመራውን ግዴታ ከማድረጉ ባሻገር፣ መዋጮው ከቤቱ ጋር የተያያዘ ዕዳ እንዲሆን፣ ቤቱ ሲሸጥም ሆነ ስም ሲዛወር እንዲጠየቅ ማድረግ ይኖርበታል። አለዚያ ግዴታው በማኅበሩ ሊቀመንበር ራስ ላይ ብቻ ይወድቃል፤ ያ ሰው ደግሞ በነጻ የሚያገለግል ጎረቤታችን ነው።

ሌላው የምሰማው ተቃውሞ የሙስና ነው። «መኪናው ሳይታይ ወረቀቱ የሚሸጥበት አገር ውስጥ ለአሳንሰር ቦሎ ማምጣት አዲስ የጉቦ በር መክፈት ነው» አለኝ አንድ ተማሪዬ። ልክ ነው፤ ያሰጋል። መልሴ ግን ወረቀቱን መተው ሳይሆን የፈረመውን ሰው ማሰር ነው፤ ስሙ፣ የፈቃዱ ቁጥር፣ የመረመረበት ቀንና የሚቀጥለው ምርመራ ቀን አሳንሰሩ ውስጥ፣ ከመስተዋቱ አጠገብ ይለጠፍ። አደጋ ቢደርስ ከባለቤቱ ጋር እሱም ይጠየቅ። መድን ሰጪውም የራሱን ገንዘብ ላለማጣት የራሱን መርማሪ መላኩ አይቀርምና፣ የሦስተኛ ወገን መድን ለአሳንሰርም ግዴታ ይሁን። በተረፈ ማዘጋጃ ቤቱ ሁሉንም አሳንሰር ልመርምር ካለ በዓመት አንዱን ፎቅም አይጨርስም፤ ፈቃድ የተሰጣቸው መርማሪዎች ይሥሩ፣ እሱ በድንገት እየሄደ የጥቂቱን ሣጥን ያስከፍት። ያችን ቁራጭ ሽቦ ያገኘባት ዕለት የመርማሪውን ፈቃድ ይንጠቅ።

ስለ አካል ጉዳተኞች ሳልናገር ባልፍ ጸጸት ይሆንብኛል። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው የተበላሸ አሳንሰር የተዘጋ መሥሪያ ቤት ነው። ስለዚህ ምርመራው አደገኛውን አሳንሰር ከማቆም ጋር፣ የቆመው በስንት ቀን ውስጥ ተጠግኖ መነሣት እንዳለበትም መወሰን አለበት። «አይሠራም» የሚል ወረቀት ለጥፎ ዓመት መቀመጥ ለባለቤቱ ከሁሉ ርካሹ መፍትሔ እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የወዳጄን ረቂቅ አንብቤ ልመልስለት ባለፈው ሳምንት ወደዚያው ሕንፃ ሄጄ ነበር። አንድ ለውጥ አየሁ። ምድር ቤት ከአሳንሰሩ በር ጎን፣ በላስቲክ የተለበጠ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ቀን የለውም፣ የመርማሪ ስም የለውም። «መብራት ጠፍቶ ለሚደርስ ማንኛውም አደጋ ሕንፃው ኀላፊነት አይወስድም» ይላል። ያው ጥበቃ አጠገቡ ቆሞ ነበርና አወቀኝ። «ጋሼ፣ ዛሬስ በየት ነው?» አለኝ። በደረጃው ወጣሁ።